ጥንቸሎቻችሁ በድንገት ሲሞቱ፦ የመጀመሪያው ቀን ሥራ

ደብረ ብርሃን፣ ታኅሣሥ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የውሃው ሳሕን ላይ በረዶ ጋግሯል። ከአምስቱ ጥንቸሎቻችን አንዷ እግሮቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ቀልብሳ ደርቃለች። ማታ ከእጄ ላይ ሣር በልታ ነበር።

“ብርዱ ገደላት” አልኩ። ጎረቤታችን እማማ ደግሞ “ዓይን ነው ልጄ፣ ልጆቹ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እያሳዩአት” አሉ። ሬሳዋን በፌስታል ጠቅልዬ ከአጥር ውጭ ወረወርኩ። ቤቷን ጠረግኩ። የቀሩትን አራቱን እንዳይበርዳቸው ብዬ አንድ ካርቶን ውስጥ ከትቼ ሳሎን አስገባኋቸው። በሦስተኛው ቀን አንዷ ብቻ ቀረች።

ምን እንደገደላቸው ማወቅ የምችልበትን ዕድል በገዛ እጄ ነው ከአጥር ውጭ የጣልኩት። አብረው እንዲታጨቁ ያደረግኩትም እኔው ነኝ።

በእኛ አገር ጥንቸል የምትያዘው ባብዛኛው ለልጆች ደስታ ነው። በኦርቶዶክስ ቤት አትበላም፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ከተከለከሉት ውስጥ ናት። ስለዚህ በሽታዋን የሚያውቅ ሽማግሌ የለም። የመንዝ በግ ሲያስል ምን እንደያዘው የሚነግራችሁ ሰው በየቤቱ አለ። ጥንቸል ስትሞት ግን ያለን ቃል “በድንገት” ብቻ ነው።

ችግሩ ጥንቸል ራሷ ታታልላለች። ታዳኝ እንስሳ ናት። ሜዳ ላይ ደክሞ የታየ ቀድሞ ይበላል፤ ስለዚህ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች። እናንተ ሞቷን ስታዩ በሽታው ሥራውን ከጀመረ ቆይቶ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ያን ቀን ምን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ነው።

1. ፎቶ፣ ፌስታል፣ ጥላ

መጥረጊያውን አታንሡ። መጀመሪያ ስልካችሁን አውጡና ሬሳዋን እንዳለች ፎቶ አንሷት። አተኛኘቷን፣ አፍንጫዋን፣ ከኋላዋ ያለውን፣ የተረፈውን መኖ፣ በጠጧን። ሰዓቱን ጻፉ።

ከዚያ ጓንት አድርጉ። ከሌለ ሁለቱን እጃችሁን ፌስታል ውስጥ አግቡ። ሬሳዋን በሁለት ፌስታል አስራችሁ ፀሐይ የማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጧት። ለደብረ ብርሃንና ለመሐል ሜዳ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ጥላው ራሱ ፍሪጅ ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ግን ሬሳ በጥቂት ሰዓት ይበላሻል። በረዶ የያዘ ሃይላንድ ከጎኗ አድርጉ። የቤታችሁን ፍሪጅ እንዳታስቡት፤ ከወጡ ጋር አይቀመጥም። ፍሪዘርም አይሆንም፤ ሥጋው በርዶ ሲቀልጥ ሐኪሙ ማየት የሚፈልገው ነገር ይበላሻል።

ውሻው እንዳይደርስባት ደግሞ ከፍ አድርጓት።

2. የቀሩትን ለዩ፣ ነገር ግን አታጭቁ

እኔ የሠራሁትን ስሕተት አትድገሙ። ከሟቿ ጋር አንድ ቤት ያደሩትን እያንዳንዳቸውን በየካርቶናቸው ለዩ። ካርቶን ጥሩ ነው፤ በኋላ ይቃጠላል። ከሟቿ ጋር ያልተነካኩ ካሉ ከቦታቸው አታንቀሳቅሷቸው። ለየራሳቸው የውሃ ዕቃና የመኖ ዕቃ ይኑራቸው።

መኖ ስትሰጡ ከጤነኞቹ ጀምሩ። ቀጥሎ ከሟቿ ጋር የነበሩት። በመጨረሻ የታመመችው። መልሳችሁ ወደ ጤነኞቹ አትሂዱ። ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ አሮጌ ካፖርትና አንድ ኮንጎ ጫማ መድቡ። ኮንጎ ጫማ የምላችሁ ስለሚታጠብ ነው፤ ሸራ ጫማ ቆሻሻውን ይዞ ይዞራል። እጅ በሳሙና፣ በየመሐሉ።

ቤት ውስጥ ጥንቸል ያለው ጎረቤት ለማጽናናት ሊመጣ ይችላል። ከበር መልሱት። ነውር ይመስላል፣ ግን በሽታውን በጫማው ይዞ ወደ ቤቱ ሊወስደው ይችላል። እናንተም እነሱ ጋ አትሂዱ። “እስኪያልፍ አንዷን አስቀምጡልኝ” ብሎ መስጠትማ በጭራሽ።

አሁን አንድ በአንድ እዩአቸው። መኖ ፊታቸው ስታደርጉ አፍንጫቸውን ያቀርባሉ? ከሥራቸው አዲስ በጠጥ አለ? ጆሯቸው ሲነካ ሞቅ ይላል? ጤነኛ ጥንቸል ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ የሰውነት ሙቀት አላት። ጆሮዋና እግሯ የቀዘቀዘ፣ ጥግ ይዛ የተኮራመተች ጥንቸል ካገኛችሁ ከሚያተኩሳት ይልቅ እሷ ታስፈራለች።

ቀን ሳታሳድሩ ሐኪም ጋ የሚያስሮጡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ለ12 ሰዓት ያህል ምንም አለመብላት፣ በጠጥ ማቆም፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ ሆድ፣ ጥርስ ማፋጨት፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አንገት መጣመም፣ በጎን ወድቆ መንቀጥቀጥ። ላም አንድ ቀን ሳትበላ ብታድር ትተርፋለች። ጥንቸል ግን አንጀቷ ከቆመ በራሱ አይነሳም፤ ስለማታስታውክም የገባው ነገር መውጫ የለውም።

3. ሬሳዋን አንብቡ፣ አትክፈቱ

ቢላ አታንሡ። በተለይ ከአፍንጫዋ ወይም ከኋላዋ ደም ካለ። እኛ አገር በጉም ላሙም ደም ፈስሶት ከሞተ አባ ሰንጋ ይሆናል ተብሎ አይከፈትም። ያ ልማድ ትክክል ነው፤ ለጥንቸልም ይሠራል።

ከውጭ ግን ብዙ ይታያል።

ጀርባዋን በጣታችሁ ዳብሱ። የጀርባዋ አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ከወጣ ለሳምንታት ስትከሳ ኖራለች ማለት ነው። ይህች በድንገት አልሞተችም፤ እኛ ነን በድንገት ያየናት። የጥንቸል ፀጉር ክሳትን ይሸፍናል። በተቃራኒው ሥጋዋ ሙሉ፣ ፀጉሯ የሚያበራ ከሆነ ፈጣን ነገር ነው የመታት።

አፍንጫዋ ላይ ደም ወይም ደም የቀላቀለ አረፋ ካለ ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የጥንቸል ደም መፍሰስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። የአይጥ መርዝ የበላችም ትደማለች። ሙቀት የመታትም፣ ከፍ ካለ ቦታ የወደቀችም እንዲሁ።

የፊት እግሮቿን ከውስጥ በኩል እዩ። ጥንቸል ንፍጧን የምትጠርገው በዚያ ነው። ፀጉሩ ተጣብቆ ከደረቀ ከመሞቷ በፊት ጉንፋን መሰል በሽታ ነበረባት።

ከኋላዋ የተለወሰ ተቅማጥ ወይም እንደ ንፍጥ የሚያድጥ ፈሳሽ ካለ አንጀት ነው። ሆዷ መነፋቱን ግን ብቻውን አትመኑት። ሞቶ የቆየ ሬሳ ሁሉ ይነፋል። ለዚህ ነው ሰዓት ጻፉ ያልኳችሁ።

አንገቷ አካባቢ ፀጉሩን ገለጥ አድርጉ። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ሸለምጥማጥ ወይም ድመት ናት። ቁስል ባይኖርም ሌሊት ውሻ ቤቷን ሲቧጭር ካደረ በድንጋጤ ብቻ ልትሞት ትችላለች፤ ወይም ስትፈራገጥ ወገቧ ይሰበራል። አጥንቷ ቀላል፣ የኋላ እግሯ ጡንቻ ደግሞ ኃይለኛ ነው። ልጆች በጆሮዋ አንጠልጥለው ካነሷትም እንደዚያው።

4. አንድ ገጽ ጻፉ

ለሐኪሙ ከሬሳዋ እኩል የሚጠቅመው ይህ ወረቀት ነው። ዕድሜዋ ስንት ነው? ጡት ከጣለች ስንት ሳምንቷ? ስንት ሞቱ፣ በስንት ቀን ውስጥ? ባለፈው አንድ ወር አዲስ ጥንቸል ገብቷል? መኖ ተቀይሯል? ሣሩ ከየት ታጨደ? ማሳው ፀረ አረም ተረጭቶ ነበር? ቤት ውስጥ ለቁንጫ ወይም ለአይጥ የተደረገ ነገር አለ? መድኃኒት ሰጥታችኋል?

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አትዋሹ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ብዙ ጊዜ ነገሩ ራሱ መልክ ይይዛል። ጡት የጣሉት ግልገሎች ብቻ ተራ በተራ እያለቁ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ወፋፍራሞቹ ትላልቆች በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ከሄዱ ሌላ ነው። አዲስ ጆንያ በተከፈተ ማግስት ሁሉም አንድ ላይ ከታመሙ ጆንያውን ጠርጥሩ። በሸዋ ሮቢት በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር የነበረችው ብቻ ከሞተች ሙቀት ነው። ጥንቸል አታልብም፤ ትርፍ ሙቀት የምታስወጣው በተለይ በጆሮዋ ነው። አየሩ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አደጋ ውስጥ ናት።

5. ተጠርጣሪዎቹ

*የጥንቸል ደም መፍሰስ በሽታ።* ባለሙያዎች አር ኤች ዲ ይሉታል። ቫይረስ ነው። መጀመሪያ የታወቀው በ1984 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቻይና ነበር። በ2010 ፈረንሳይ ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት ተገኘ። በአፍሪካም አለ፤ ናይጄሪያን በ2020 መትቷል። የቀድሞው ዓይነት ሁለት ወር ያልሞላቸውን ግልገሎች ይተዋል፤ ሁለተኛው ግን እነሱንም ይገድላል። ከተያዘች ከአንድ እስከ ጥቂት ቀናት ውስጥ ትታመማለች። ጉበቷን ያበላሻል፣ ደም መርጋት ያቆማል። አንዳንዷ ጮኻ፣ ተፈራግጣ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ወጥራ ትሞታለች። አንዳንዷ ደግሞ ምንም ሳታሳይ፣ መኖው አፏ ውስጥ እንዳለ።

ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለ፤ ሐኪም ስታገኙ ማስመጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሰውን፣ ውሻን፣ በግን አይዝም። ግን በሰውም በውሻም በዝንብም ይጓዛል። አውስትራሊያ ውስጥ የበዙትን የዱር ጥንቸሎች እንዲቀንስ ተብሎ ቫይረሱ በ1995 ዋርዳንግ በምትባል ደሴት ታጥሮ ሲሞከር ነው አምልጦ ወደ ዋናው ምድር የተሻገረው፤ ከተጠረጠሩት አንዱ ዝንብ ነበር። ስለዚህ ሬሳን ሜዳ ላይ መጣል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አንድ ነገር ለደጋው ሰው፦ “ውርጩ ይገድለዋል” ብላችሁ አትጽናኑ። ይህ ቫይረስ ቅዝቃዜ ይወዳል። ደረቅ ጨርቅ ላይ እንኳ ከሦስት ወር በላይ ይቆያል።

*ኮክሲዲያ።* እኔን ብትጠይቁኝ በእኛ አካባቢ ግልገል በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ። በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ጡት ከጣሉ ጀምሮ እስከ አራት ወር ያሉትን ያጠቃል። አንዱ ዓይነት አንጀት ውስጥ፣ ሌላው ጉበት ውስጥ ይሰፍራል። ግልገሏ ሆዷ ይነፋል፣ ታስቀምጣለች፣ አንዳንዴም ምንም ሳታሳይ ታድራለች፤ ጠዋት ሞታ ትገኛለች። ሐኪሙ ሲከፍታት የጉበቱ ዓይነት ከሆነ ጉበቷ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያያል።

አሠራሩን ከተረዳችሁ መከላከሉ ቀላል ነው። ከበጠጥ ጋር የወጣው እንቁላል ወዲያው አያሲዝም። እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ከአንድ እስከ አራት ቀን መብሰል አለበት። እንግዲህ በየቀኑ የሚጠረግ ቤት ውስጥ ሳይበስል ይወጣል። በሳምንት አንዴ የሚጠረግ ቤት ውስጥ ግን ግልገሎቹ የበሰለውን ይበላሉ። መኖን መሬት ላይ አትበትኑ፤ ድርቆሹን ከግድግዳ አንጠልጥሉ። ወለሉ በጠጥ የሚያሳልፍ ሽቦ ከሆነ አንድ ጥግ ላይ ጣውላ አድርጉላቸው፤ አለዚያ እግራቸው ይቆስላል።

በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ለዶሮ የሚሸጠው አምፕሮሊየምና ሰልፋ የተባሉት መድኃኒቶች ለዚህም ያገለግላሉ፤ መጠኑን ግን ሐኪሙ በክብደቷ ያስላው። የዶሮ መኖ ራሱን ግን አትስጡ። እዚያ ውስጥ የሚቀላቀሉ አንዳንድ የኮክሲዲያ መከላከያዎች ጥንቸልን ይመርዛሉ።

*አንጀት፣ ማለትም እኛ።* ጥንቸል የተሠራችው ለሣር ነው። ከምትበላው አብዛኛው ድርቆሽ መሆን አለበት፤ ጭድ ግን ድርቆሽን አይተካም፤ ብዙ ምግብነት የለውም። ፉርሽካ፣ ዳቦ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ቆሎ ስንሰጣት ትወደዋለች፣ እኛም ደስ ይለናል። አንጀቷ ውስጥ ግን ክፉ ባክቴሪያ ይራባል፣ መርዝ ያመነጫል፣ በአንድ ሌሊት ያወርዳታል። ካሮትም ቢሆን ስኳር ነው፤ ለቁንጣሪ ያህል ብቻ። አተላ ለበግ ነው። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርትም የላም ነው። አዲስ መኖ ከሰባት እስከ አሥር ቀን በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቀል።

ከመስከረም ሜዳ የታጨደ ጤዛ ያለበት ማገጥ በግን እንደሚነፋ ታውቃላችሁ። ጥንቸልንም ይነፋል። አጠውልጉት፤ ከምራችሁ አታሳድሩት። ሲከመር ይሞቃል፣ ይሻግታል።

የሻገተ ፋጉሎ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይበላል። ጥንቸል ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ከሆኑት እንስሳት አንዷ ናት። ላሟ የቻለችውን እሷ አትችልም። የሸተተ፣ የተጓጎለ፣ የረጠበ ጆንያ ካያችሁ ዋጋውን እርሱት።

*መድኃኒት።* ከአምስቱ አንዷ ተርፋ ነበር ብያለሁ። ከሳምንት በኋላ አስነጠሳት። ከልጄ የተረፈ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ነበር። “ለሕፃን የሚሰጥ ለጥንቸል ምን ይላል” ብዬ በሲሪንጅ አጠጣኋት። በአራተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት፤ በአምስተኛው ሞተች። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ፔኒሲሊን፣ ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲን በአፍ ሲሰጡ ጥንቸሏን የሚያኖሯትን የአንጀት ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ቦታውን መርዘኞቹ ይይዙታል። ሐኪሙ ራሱ ውሎው ከበግና ከላም ጋር ነውና ሊዘነጋው ይችላል፤ በአክብሮት አስታውሱት። ለውሻ ቁንጫ የሚደረገው ፊፕሮኒል የተባለው መድኃኒትም ጥንቸልን ይገድላል።

*ንፍጥና ሳንባ።* ፓስቱሬላ የሚባል ባክቴሪያ ብዙ ጥንቸል አፍንጫ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጥንቸሏ ስትጨነቅ፣ ስትታጨቅ፣ የሽንቷ ጠረን ሲበረታ ይነሳል። ማስነጠስ፣ ንፍጥ፣ የአንገት መጣመም ያመጣል። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ በድንገት ይገድላል። ቤታቸው ውስጥ ጎንበስ ብላችሁ ስትተነፍሱ ዓይናችሁን ከቆረቆራችሁ እነሱ በዚያ ውስጥ ነው የሚያድሩት። እኛ ደጋ ላይ ብርድ ፈርተን ቀዳዳውን ሁሉ በማዳበሪያ እንደፍናለን። ደረቅ ጉዝጓዝና ከነፋስ የሚጋርድ ግድግዳ ካላቸው ብርዱን ይችሉታል። የማይችሉት እርጥበትና የታፈነ አየር ነው። ከላይ ለአየር ክፍት ይተው። ጠዋት በረዶ የሠራውን ውሃ ደግሞ ለውጡ፤ ያልጠጣች ጥንቸል መብላትም ታቆማለች።

*መርዝ።* የአቮካዶ ቅጠል፣ የድንች ቅጠልና አረንጓዴ ድንች፣ ጉሎ፣ የወፍ ቆሎ። ፀረ አረም የተረጨ ማሳ ዳር የታጨደ ሣር። የትልልቅ መንገድ ዳር ሣርም አይመከርም።

6. ሐኪምና ላቦራቶሪ

ሬሳዋንና ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። በ24 ሰዓት ውስጥ፣ እንደቀዘቀዘች። “ለጥንቸል ነው የመጣኸው?” ተብሎ ሊሳቅባችሁ ይችላል። ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አውጡ። ብዙዎቹ ወረቀቱን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል።

ሐኪሙ ከከፈታት ከጉበቷና ከጣፊያዋ ናሙና እንዲቀመጥ ጠይቁ። የደም መፍሰሱ ቫይረስ በብዛት የሚገኘው ጉበት ላይ ነው። ትኩስ በጠጥም በንጹሕ ጠርሙስ ያዙ፤ ኮክሲዲያን በማይክሮስኮፕ ለማየት ውድ ምርመራ አያስፈልግም። ከክሊኒኩ አቅም በላይ ከሆነ በእነሱ በኩል ወደ ኮምቦልቻው የክልል የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላካል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለ። ናሙናውን በራሳችሁ በአውቶቡስ አትላኩ። ብዙ ከሞቱባችሁ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለባችሁ።

7. መቅበርና ማጽዳት

አንድ ሜትር ጥልቀት፣ ከጉድጓድ ውሃ የራቀ፣ ኖራ ነስንሶ፣ ከላይ ድንጋይ። ድንጋዩ ለጅብና ለውሻ ነው። ጉዝጓዙን፣ ካርቶኑን፣ የተረፈውን መኖ አቃጥሉ። ወደ ፍግ ክምር አይግባ። ሸዋ ደጋ ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኝ የስታርክ ጥንቸል የምትባል የዱር ጥንቸል አለች። ከቤቷ ጋር አንድ ስም እንጠራቸዋለን እንጂ ዘራቸው የተለያየ ነው። የደም መፍሰሱ ሁለተኛ ዓይነት ግን አንዳንድ የዱር ጥንቸል ዘሮችንም ስለሚይዝ ሬሳ ሜዳ ላይ መጣል ከአጥራችሁ ያለፈ ጣጣ አለው።

ማጽዳቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለቫይረሱ፦ መጀመሪያ ቆሻሻውን በሳሙናና በውሃ አጥቡ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበት የለውም። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ አርሱት፤ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሽንት በበዛበት ላይም እንዲሁ አታፍስሱት፣ ጋዙ ሳንባ ያቃጥላል።

ለኮክሲዲያ፦ በረኪና አይነካውም። የፈላ ውሃ ነው የሚገድለው። ማንቆርቆሪያውን ከእሳት እንዳወጣችሁ ጥግ ጥጉን፣ የሽቦውን መጋጠሚያ አዳርሱ። ከዚያ ፀሐይ።

የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ሁለቱንም፣ በረኪናውን መጀመሪያ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ የፈላውን በኋላ። የተሰነጣጠቀ ጣውላ ግን አይጸዳም። አቃጥሉት።

ለራሳችሁ ደግሞ፦ ከጥንቸል ወደ ሰው የሚሻገር ነገር አለ። ጭርት አንዱ ነው፤ የነከሰችውም ሊያመረቅዝ ይችላል። ልጆች ሬሳ እንዳይነኩ። ቀብሩን ማየት ከፈለጉ ግን ከሩቅ ይዩ። “ጠፍታ ሄደች” ብዬ ዋሽቼ፣ ልጄ ሁለት ወር አጥር ሥር ስትፈልጋት ከርማለች።

8. ባዶው ቤት

የደም መፍሰሱ በሽታ ከተረጋገጠ ወይም በብርቱ ከተጠረጠረ ለአራት ወር ያህል አዲስ ጥንቸል አታስገቡ። የተረፈች ካለች ከአንድ ወር በላይ ቫይረሱን ልታወጣ ስለምትችል ለማንም አትስጧት። ኮክሲዲያ ከሆነ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጽዳቱ በትክክል ከተሠራና የቀሩት ከታከሙ ይበቃል።

አዲሷን ስትገዙ ከገበያ ካርቶን ውስጥ የታጨቁትን እለፏቸው። የሻጩን ቤት ካያችሁ ይሻላል። የፊት እግሯን ውስጥ፣ ከኋላዋ፣ ጆሮዋን ውስጥ እዩ። ጀርባዋን ዳብሱ። ቤት ስትደርስ ለ30 ቀን ብቻዋን ትቀመጥ፤ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ዕቃ፣ ከሁሉም በኋላ የምትመገብ። የለመደችውን መኖ ትንሽ ከሻጩ ጠይቃችሁ ያዙ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት አንጀቷን ያድናል።

በየማታው ደግሞ ሁለት ደቂቃ። ልጄ አሁን ይህን ሥራ ወስዳዋለች። በር ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሦስት ነገር ትጽፋለች፦ በላች፣ ጠጣች፣ በጠጥ አለ። ትናንት ከሦስተኛው አጠገብ “ትንሽ ነው” ብላ ጽፋ ነበር። ድርቆሽ ጨምረን፣ ውሃውን ለብ አድርገን አደርን። ዛሬ ጠዋት ሳልነሳ ቀድማ ሄዳ ቆጥራ መጣች።